ከውጭ የሚዘጋ በር

ቄሱ ወደ ቢሯችን የመጡት ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። እኔ ብቸና ውስጥ በማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የምከታተል ሠራተኛ ነኝ። ብዙ ጊዜ ወደኛ የሚመጣ ሰው ዊልቸር ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጎ ነው። ቄሱ ግን ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም። በሩን መለስ አድርገው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

“አባ፣ ምን ልታዘዝ?” አልኳቸው።

“የኔታን ታውቂያቸዋለሽ?”

የኔታን የማያውቅ የለም። ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ተማሪዎቻቸውን መርቀው አሰናብተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅም የላቸውም። ኋላ የወንድማቸው ልጅ “እኔ እጦራቸዋለሁ” ብሎ ከነሚስቱ ከገጠር መጥቶ አብሯቸው መኖር ጀመረ። ሰፈሩ ሁሉ መረቀው። እኔም ከመረቁት አንዷ ነበርኩ፤ ጧሪ ያገኘ ሽማግሌ ለኛ ቢሮ አንድ ሐሳብ ቀነሰልን ማለት ነው።

“የንስሐ አባታቸው ነኝ” አሉ ቄሱ። “በንስሐ የሰማሁትን ለማንም አልናገርም፣ አንቺም አትጠይቂኝ። በዓይኔ ያየሁትን ግን ልነግርሽ እችላለሁ። ጠበል ልረጭ ስሄድ ወደ ጓሮው ክፍል አያሳልፉኝም። ባለፈው ግን ሚስትየው ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ስለነበር አለፍኩ። የኔታ የሚተኙበት ክፍል መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው።”

“ስለማያዩ ወጥተው እንዳይጠፉ ብለው ይሆናል።”

“እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ልጄ፣ ቤቱን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው ያውቁታል። በየት በኩል ይጠፋሉ?”

በማግስቱ ከቄሱ ጋር ሄድን። ልጁ ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትሁት፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነው። የኔታን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አስቀምጧቸዋል። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆኖ ሳለ ጋቢያቸውን እስከ ጣቶቻቸው ድረስ ተሸፍነዋል። ጉንጫቸው ገብቷል። ልጁ ዓይኔ የት እንዳረፈ አየና ቀደመኝ።

“ጾሙን አጥብቀውብኛል እህቴ። ብለምናቸው እንቢ አሉ። ቀኑን ሙሉ ውኃ እንኳ አይቀምሱም።”

ጎንበስ ብዬ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። “የኔታ፣ እንዴት ነዎት? ምግቡ፣ አያያዙ እንዴት ነው?” አልኳቸው። ልጁ ከጀርባቸው ቆሞ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጓል።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። ቸኩለው አልመለሱልኝም።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አሉ። “እንዲህ ባለ ቤት በልቼ አላውቅም። ይህም ልጅ እጄን ከያዘኝ ወዲህ አንድም ቀን ለቆኝ አያውቅ።”

ልጁ ፈገግ አለ። “ሰሙ አባ? ይኸው ራሳቸው ተናገሩ” አለ ለቄሱ።

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የግቢውን በር ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ግን ቆሙ። እኔም የሞጣ ልጅ ነኝ፣ በቅኔ ቤት ደጅ ነው ያደግሁት፤ የሰማሁት ነገር ጆሮዬን ቆርቁሮታል። ግን ከቄሱ አፍ መስማት ፈለግሁ።

“እኚያ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው” አሉ። “ልጁ ሰሙን ሰማ፣ ተመሰገንኩ ብሎ ደስ አለው። ወርቁን ለእኔና ለአንቺ ነው የተናገሩት። ‘በዚህ ቤት እህል አልቀመስኩም፣ እጄን ታስሬያለሁ’ ነው ያሉን።”

ከዚያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የዚህ ዓይነቱን ጉዳይ የሚመረምረውን ሳጅን ከሌሎች ኬዞች አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። የነገርኩትን እስከ መጨረሻው ሰማና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“እንዲህ ባለ ቤት በልቼ አላውቅም ያለን ሰው ‘ተራብኩ ብሏል’ ብዬ መዝገብ ልክፈት? ሰውየው በአንደበታቸው ደኅና ነኝ ብለዋል። ፍርድ ቤት ፊት በቅኔ መቆም አይቻልም።”

“ብቻቸውን እናነጋግራቸው።”

“እንዴት አድርገን? ልጁ ቤቴ አትግቡ ካለ ያለ ትእዛዝ አልገባም። ትእዛዝ ለማውጣት ደግሞ ማስረጃ ይጠየቃል።”

ቀበሌ ሄድኩ። “የቤተሰብ ገመና ነው፣ ሽማግሌ ይየው” አሉኝ። ሆስፒታል ሄድኩ። “ታካሚው ከመጡ እንመረምራለን” አሉኝ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ቢሮ ከራሱ ደጅ እስከ ራሱ አጥር ያለውን ይሠራል፤ የኔታ ደግሞ ያሉት ከሁሉም አጥር ውጭ ነው። በየስብሰባው “ቅንጅታዊ አሠራር” የሚባል ቃል እንሰማለን፣ በየሪፖርቱም እንጽፈዋለን። እኔ ያን ሰሞን ቃሉን ትቼ ሰዎቹን ለመሰብሰብ ተነሣሁ። ደብዳቤ ብጽፍ ይዘገያል ብዬ በየቢሯቸው እየዞርኩ፣ አንዳንዶቹንም እየነዘነዝኩ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በኛ ጠባብ አዳራሽ አስቀመጥኳቸው። ቄሱ፣ ሳጅኑ፣ ከፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዐቃቤ ሕጓ፣ የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከከተማ መሬት አስተዳደር አንድ ባለሙያ፣ ከቀበሌም አንድ ሰው መጡ።

መጀመሪያ ሁሉም ሰዓቱን ያይ ነበር። ቄሱ ስለ መቀርቀሪያው ተናገሩ። ከዚያ የጤና ሠራተኛዋ ቀስ ብላ፣ “እኔም እኮ ለደም ግፊታቸው ስሄድ ተኝተዋል እየተባልኩ እመለሳለሁ። በሄድኩ ቁጥር ተኝተዋል” አለች። የመሬት አስተዳደሩ ሰው ቀና አለ።

“ይህ ሰውዬ የኛንም ቢሮ አመላልሶታል” አለ። “የአጎቴን ቤት በስሜ ላዙር ይላል። ባለቤቱ መጥተው ይፈርሙ ብንለው አይንቀሳቀሱም አለን። ባለፈው ደግሞ፣ አሻራቸውን ቤት ውስጥ አስነክቼ ባመጣ ትቀበሉኛላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን።”

“ምን አላችሁት?” አለች ዐቃቤ ሕጓ።

“አይሆንም አልነው። ግን ለማን እንንገር? የማይሆን ነገር የሚጠይቀን ሰው ብዙ ነው።”

ያን ጊዜ ቄሱ አንድ ነገር አነሡ። የኔታ ሞጣ ውስጥ የእኅታቸው ልጅ አለቻቸው፤ ልጁ ሰው ሲጠይቀው፣ “እሷ እየመጣች ታያቸዋለች፣ ባለፈው ወርም ሰንብታ ሄደች” ይላል። እኔ ሞጣ ማኅበራዊ ጉዳይ ውስጥ የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛ አለችኝ። እዚያው ደወልኩላትና አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁት። ሴትየዋን ሞጣ ገበያ አጠገብ ክርና ጥጥ ስትሸጥ ታውቃታለች። “ልሂድና መልሼ ልደውልልሽ” አለችኝ።

ማንም አልተነሣም። ሰዓቱን ማየትም ቀረ። ስልኩ ሲጮህ የጓደኛዬ ድምፅ ተለውጧል።

“እዚህ አጠገቤ ናት” አለች። “ራሷ ትንገራችሁ።”

“አጎቴ ምን ሆኑ?” አለች አንዲት ሴት። “የወንድማቸው ልጅ፣ መነኮሱ፣ መርጡለ ማርያም ገዳም ገቡ፣ ሰው ማየት አይፈልጉም ብሎኝ ነበር። እንዳልሄድ መንገዱ አላስተማመነኝም። እኔ ለነፍሳቸው ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ሞቱ እንዴ?”

“አልሞቱም” አልኳት። “እዚሁ ብቸና ቤታቸው ናቸው።”

ልጁ ለብቸና አንድ ወሬ፣ ለሞጣ ሌላ ወሬ ያወራል፤ ሁለቱ ከተሞች ስለማይነጋገሩ ሁለቱም ወሬ ቆሞ ኖሯል። ዐቃቤ ሕጓ ለሳጅኑ፣ “አሁን ማስረጃ አለህ። ጠዋት ፍርድ ቤት እንቀርባለን” አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሳጅኑና ዐቃቤ ሕጓ ዳኛው ፊት ለመቅረብ ተራ እየጠበቁ ሳለ፣ የጤና ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። ሌላ ቤት ልትጎበኝ ወጥታ በየኔታ ደጅ አልፋለች።

“ባጃጅ ቆሟል” አለችኝ። “የኔታን ሊጭኗቸው ነው፤ ወደ መናኸሪያ ሲል ሰማሁት።”

ከስብሰባው አንድ ሰው ለልጁ ነግሮታል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ከዚያ ወዲህ አንዳችን የሌላውን ፊት ስናይ ይህን ማሰባችን አልቀረም። ለሳጅኑ ደወልኩ። “ትእዛዙ ገና አልተፈረመም” አለ። ቀጥሎም፣ “መንገድ ላይ ከሆነ ግን ቤት አይደለም። ሰው ማስቆም እችላለሁ” ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ቄሱን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘኋቸው፤ ባጃጅ ይዘን ወደ መናኸሪያው ከነፍን። ሳጅኑ ቀድሞን ደርሶ ባጃጁን አስፋልቱ ዳር አስቁሟል። ልጁ ወርዶ ቆሟል። የኔታ ከኋላ ከልጁ ሚስት ጋር ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው እስከ ጣቶቻቸው። የመናኸሪያው ሰው፣ ሸቀጥ የጫነው፣ መኪና የሚጠብቀው ሁሉ ከበበ።

ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰው ሁሉ ተናገረ። “ጠበል ልወስዳቸው ነው። አባቴን ጠበል ልወስድ ብል በፖሊስ አስቆሙኝ። ይህ ነው ወንጀሌ?”

ሰው አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ ሳጅኑን፣ “ልጄ፣ ሽማግሌ ጠበል ሲሄድ አይከለከልም፣ ኃጢአት ነው” አሉት። ሌላው፣ “ልቀቁት” አለ። ክበቡ ጠበበ። ሳጅኑ ዙሪያውን አየ፤ ግንባሩን አልቦታል። እጁ ላይ ወረቀት የለም። ያ ባጃጅ ቢሄድ የኔታን የት ብለን እንደምንፈልጋቸው እኔም አላውቅም።

ቄሱ ሰዉን ከፍለው ወደ ባጃጁ ቀረቡ። ድምፃቸውን አላነሡም።

“የኔታ፣ እኔ ነኝ። ወዴት እየሄዱ ነው?”

ልጁ፣ “ጠበል አልኩ እኮ” ብሎ ጣልቃ ገባ። ሳጅኑ እጁን ዘረጋና፣ “እርሳቸው ይመልሱ” አለው።

የኔታ ራሳቸውን አዘንብለው የሰዉን ጉርምርምታ አዳመጡ። እኔ እንደገና ሰምና ወርቅ እንዳይናገሩ ፈራሁ። ያ ሰው ሁሉ ሰሙን ሰምቶ ያሳልፋቸዋል።

“አላውቅም” አሉ። “ማንም አልነገረኝም። ጠበል አልጠየቅሁም። እኔ የጠየቅሁት ውኃ ነው።”

ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ። ሁለቱም አንጓቸው ላይ ቆዳው ተልጦ፣ ከፊሉ ጠቁሮ ከፊሉ ገና እርጥብ ነው። ልቀቁት ያለው ሰው ኮፍያውን አወለቀ። የልጁ ሚስት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። ሳጅኑ የልጁን ክንድ ይዞ አብሮት ለመጣው ፖሊስ አስረከበው። ልጁ አልታገለም፤ “ራሳቸውን እንዳይጎዱ ብዬ ነው” እያለ ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ ለማን እንደሚናገር ግን አይታወቅም።

ሆስፒታል የደረስነው ትእዛዙ በተፈረመበት ሰዓት ነው። የጤና ሠራተኛዋ ቀድማ ነግራቸው ስለነበር ዶክተሩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ካርድ አውጡ፣ ተራ ጠብቁ የሚል አልነበረም። ዶክተሩ ቁስሉን እየመረመረ ያየውን ለሳጅኑ ይነግረዋል፣ ሳጅኑ ይጽፋል፣ እኔ ለየኔታ ማን እንደሚነካቸውና ለምን እንደሆነ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ። ገንፎ መጣላቸው። ነርሷ በማንኪያ ልታጎርሳቸው ስትል፣ “እጄ ተፈትቷል እኮ፣ ራሴ ልብላ” አሉ። እየተንቀጠቀጡ፣ ደረታቸው ላይ እያፈሰሱ በሉ። ማንም አላገዛቸውም።

የእኅታቸው ልጅ ከሞጣ በማግስቱ ደረሰች። ጓደኛዬ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርታ፣ የምታውቀው ሾፌር አጠገብ አስቀምጣ ነው የላከቻት። ሴትየዋ አልጋው አጠገብ ተንበርክካ እግራቸውን ሳመች። የኔታ ፊቷን በጣቶቻቸው ዳሰሱ።

“አንቺ ነሽ?” አሏት። “እሷም ረስታሃለች፣ መጠየቅህን ትታለች አለኝ። አመንኩት።”

“እኔንም መንኩሰዋል አለኝ፣ አጎቴ። እኔም አመንኩት።”

ችግሩ በዚህ ያልቃል ብዬ አስቤ ነበር። ሳጅኑ ቃላቸውን ሊቀበል ሲመጣ ግን የኔታ አልናገርም አሉ።

“የወንድሜ ደም ነው። አጥንቱን አላሳስርም። ማሩልኝ።”

“የኔታ፣ እርስዎ ቢምሩትም…”

“ማሩልኝ አልኩ።”

ሳጅኑ ወደ እኔ አየ። ኮሪደሩ ላይ ወጥተን ተጨቃጨቅን። እሱ፣ “ካልመሰከሩ መዝገቡ ይላላል፣ ጫን ብለሽ አስረጃቸው” ይላል። እኔ፣ “እስከ ዛሬ ያልፈለጉትን ሲያስደርጓቸው የኖሩ ሰው ናቸው፣ እኛም ደግሞ ልናስገድዳቸው ነው?” አልኩት። ተቆጣ። “ነገ ሌላ ሽማግሌ ታስሮ ሲገኝ ይህን ለሱ ንገሪው” ብሎኝ ሄደ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ያም ነው ያስጨነቀኝ።

መንገዱን ያገኘችው ዐቃቤ ሕጓ ናት። መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና ክስ የሚመሠርተው መንግሥት እንጂ እርሳቸው እንዳልሆኑ፣ ቢምሩትም ሕጉ እንደማያቆም፣ መናገር ካልፈለጉም የሐኪሙና የሌሎች ምስክሮች ቃል እንዳለ በእርጋታ አስረዳቻቸው። “እርስዎ ይማሩት። እኛ ሥራችንን እንሥራ” አለቻቸው። የኔታም፣ “እንግዲያ አልዋሽም፣ አልከስም። ዳኛው ከጠየቀኝ የሆነውን እናገራለሁ” አሉ።

ፍርድ ቤት ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ከልጁ ሚስት ነው። ዳኛው ጠየቋት። ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ ገመዱን የሚያስረው እሱ መሆኑን፣ አሻራ አልሰጥም ባሉ ቁጥር እህል የሚከለክለው እሱ መሆኑን፣ እሷ ተደብቃ ቆሎ ትሰጣቸው እንደነበርና ሲደርስባት እሷም እንደምትደበደብ ተናገረች። ያን ቤት ስንጎበኝ እሷን ማን ጠየቃት? ማንም። ያን ዕለት ከፍርድ ቤት ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ፤ የእሷ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ መዝገብ ሆኖ ተከፈተ።

ልጁ ተፈረደበት። የኔታ ቤታቸውን ለቤተ ክርስቲያን አደራ ብለው ከእኅታቸው ልጅ ጋር ሞጣ ሄዱ። መሬት አስተዳደርም እርሳቸው ራሳቸው ካልቀረቡ በቀር ቤቱ ለማንም እንዳይዞር አደረገ። እኔ የብቸናውን ፋይል ዘግቼ አልተገላገልኩም፤ ለጓደኛዬ አስተላለፍኩላት፣ እሷም ከሞጣ ጤና ጣቢያ ጋር ሆና ታያቸዋለች። በዓመቱ ቤተሰቤን ልጠይቅ ስሄድ ጎበኘኋቸው። ክርና ጥጥ በተደረደረበት ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው አንድ የመንገድ ሰው ያጣመመውን ግእዝ ያርሙ ነበር። ድምፄን ሲሰሙ አወቁኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቁኝ ስለ ልጁ ነው።

“ስንቅ የሚያቀብለው ሰው አለ?”

አላውቅም አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። የእኅታቸው ልጅ ፊቷን አዞረች። እሷ አልማረችውም።

ባለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ልጁ ወጣ። እንደሚወጣ ሳጅኑ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ አሁን እንዲህ ያለውን ነገር ሳንጠያየቅ እንነጋገራለን። ይሁን እንጂ መናኸሪያው በር ላይ ፊት ለፊት እንገናኛለን ብዬ አላሰብኩም። ከስቷል። አንገቱን እንደ ድሮው ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ።

“አጎቴ ደኅና ናቸው?”

“ደኅና ናቸው።”

“የት ነው ያሉት? ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር።”

ፊቱን አየሁት። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሰው እስር ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ያስባል። ሌላም ሊሆን ይችላል። በዚያ ፊት ላይ አንዴ ተሳስቻለሁ።

“ይቅርታህን በቄሱ በኩል ላክ” አልኩት። “እርሳቸው እሺ ካሉ ቄሱ ይነግሩሃል።”

ምንም እንዳልጨመርኩ ሲያይ፣ እሺ ብሎ ወደ መኪኖቹ ሄደ። ወደ የትኛው እንደሚገባ ቆሜ አየሁ። ረዳቱ፣ “ደብረ ወርቅ፣ ሞጣ” እያለ ከሚጠራው መኪና አጠገብ ቆመ። ገባ ይሁን አልፎት ይሂድ፣ መሐል የገባ የጭነት መኪና ከለለኝ።

ስልኬን አውጥቼ ሞጣ ደወልኩ።

“መውጣቱን ሰምቻለሁ” አለች ጓደኛዬ፣ ገና ሳልጨርስ። “ሳጅኑ ለሞጣ ፖሊስ ነግሯል። እኔ አሁን ወደ ሱቁ እየሄድኩ ነው።”